150 ዶላር አለኝ፤ የትኛውን የፊልም ካሜራ ልግዛ?

ጥያቄ፦ «23 ዓመቴ ነው፤ አዲስ አበባ እኖራለሁ። በስልኬ ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። አሁን በፊልም ማንሳት መማር እፈልጋለሁ። አክስቴ ከሁለት ወር በኋላ ከቨርጂኒያ ትመጣለች፤ እኔም 150 ዶላር አጠራቅሜያለሁ። ካኖን ኤኢ-1 ታምጣልኝ ወይስ ኪስ ውስጥ የምትገባ አውቶማቲክ ኦሊምፐስ? አጎቴ ዘንድ ደግሞ ሩሲያ ሲማር የገዛው ዜኒት አለ። ፊቱ ላይ የኦሎምፒክ ቀለበቶች አሉበት። ግን አሮጌ ስለሆነ አይረባም ተብያለሁ። ያንን የድሮ ፎቶ መልክ የሚሰጠኝ የቱ ነው?»

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። የድሮ ፎቶ መልክ የሚመጣው ከካሜራው አይደለም። የፊልም ካሜራ ብርሃን የማያስገባ ሳጥን ነው። ፊልሙን ዘርግቶ ይይዛል፤ ለቅጽበት ከፍቶ ይዘጋል። በቃ። ቀለሙንና ያንን አሸዋ የመሰለ ገጽታ የሚሰጠው ፊልሙ ነው። ጥርት ማለቱን ወይም ለስለስ ማለቱን ሌንሱ ይወስነዋል። የቀረው የብርሃኑና የአስተጣጠቡ ጉዳይ ነው። አንድ ዓይነት ፊልም በ80 ዶላር ካሜራና በ800 ዶላር ካሜራ ውስጥ ክተቺ። ሁለቱም ላይ ደህና 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ካለ ፎቶዎቹን ማንም ለይቶ አይነግርሽም። ስለዚህ «መልክ» ብለሽ ለካሜራ የምትጨምሪው ገንዘብ የትም አያደርስሽም።

ሁለተኛው ስህተት 150 ዶላሩን የካሜራ ዋጋ አድርጎ ማሰብ ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ባለ 36 የቀለም ፊልም እንደ ዓይነቱ ከ8 እስከ 15 ዶላር ገደማ ይሸጣል። ማሳጠቡና ስካን ማስደረጉ ሌላ ከ10 እስከ 20 ዶላር ይጠይቃል። ስታካፍዪው አንዷ ፎቶ ከግማሽ ዶላር እስከ አንድ ዶላር ትፈጃለች። ገንዘቡን በሙሉ ካሜራው ላይ ካዋልሽው አንድ ፊልም ታነሺና ካሜራው መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል። ፊልም ማንሳት የሚለመደው በአምስተኛውና በስድስተኛው ጥቅል አካባቢ እንጂ በመጀመሪያው አይደለም። ለካሜራው ከ90 ዶላር አትለፊ። የቀረው የፊልም ነው።

ካኖን ኤኢ-1 መጥፎ ካሜራ አይደለም። በ1976 ሲወጣ ማይክሮፕሮሰሰር የገባለት የመጀመሪያው ኤስኤልአር (በራሱ በሌንሱ በኩል እያዩ የሚያነሱበት) ካሜራ ነበር፤ በሚሊዮን ነው የተሸጠው። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ሹተሩ፣ ማለትም ለቅጽበት ከፍቶ የሚዘጋው ክፍል፣ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ባትሪ ከሌለ ካሜራው ድርቅ ይላል። የሚፈልገው ባለ 6 ቮልት 4ኤልአር44 የሚባለውን ባትሪ ነው፤ እሱን በየሱቁ አታገኚውም። አራት ትንንሽ ኤልአር44 ደርድሮ በወረቀት ጠቅልሎ ማስገባት ይቻላል፤ ይሠራልም። ግን ለጀማሪ ይህ ተጨማሪ ራስ ምታት ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ዕድሜ አለ። ውስጡ ያለው ቅባት ስለሚደርቅ ብዙዎቹ ሲጫኑ ሲጥ የሚል ድምፅ ያሰማሉ። ቅባቱ ይታደሳል፤ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው ከሞተ ግን መፍትሔው ሌላ ካሜራ ፈትቶ ዕቃ ማውጣት ነው። ስሙ ስለገነነ ዋጋውም አብሮ ወጥቷል።

ኪስ ውስጥ የምትገባዋን ኦሊምፐስ በአጭሩ ልዝጋት፤ አትግዢያት። ጎበዝ ካሜራ ናት፤ ሌንሷም ጥሩ ነው። ግን ታዋቂ ሰዎች ይዘዋት ከታዩ ወዲህ ዋጋዋ ከአቅምሽ በላይ ሆኗል። ስትበላሽ የሚጠግናት የለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፎከሱንም ብርሃኑንም ራሷ ስለምትወስን አንቺ የምትማሪው ነገር አይኖርም። መማር እፈልጋለሁ ብለሻል እኮ።

አሁን ወደ አጎትሽ ዜኒት። አይረባም ያለሽ ሰው ተሳስቷል። ቀለበቶቹ የ1980ው የሞስኮ ኦሎምፒክ ናቸው፤ ምሩጽ ይፍጠር የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ የወሰደበት ኦሎምፒክ። አጎትሽ ያንን ካሜራ እስካሁን በማቆየታቸው ሊመሰገኑ ይገባል። ሞዴሉ ዜኒት-ኢ ከሆነ ከሌንሱ በላይ፣ ግንባሩ ላይ፣ ሸንተረር ሸንተረር ያለው መስታወት ታያለሽ። ያ የብርሃን መለኪያው ነው፤ በሴሊኒየም ስለሚሠራ ባትሪ አይፈልግም። ጥሩ ነገር ይመስላል፤ ግን ሴሊኒየም በዕድሜ ይደክማል። ከ40 ዓመት በላይ የቆየ መለኪያ መርፌው ቢንቀሳቀስ እንኳ የሚያሳየው ልክ ላይሆን ይችላል። የሹተሩ ፍጥነት ከ1/30 እስከ 1/500 ሰከንድ ብቻ ነው። ማያው፣ ዓይንሽን የምታስጠጊበት መስኮት፣ ጨለም ያለ ነው፤ የሚታይሽም ፊልሙ ላይ ከሚያርፈው ያነሰ ነው። ሌንሱ ሄሊዮስ-44-2 ከሆነ ደግሞ ፎከስ ለማድረግ የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ በቀለበቱ ከፍተሽ፣ ለማንሳት መልሰሽ መዝጋት አለብሽ። መዝጋቱን ከረሳሽ ፎቶው በብርሃን ይቃጠላል። አንድ ልማድ ደግሞ ያዢ፦ ዜኒት ላይ መጀመሪያ ፊልሙን ወደሚቀጥለው ፎቶ ማስኬድ፣ ፍጥነቱን ከዚያ በኋላ መቀየር።

ይህ ሁሉ ይለመዳል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጀማሪ ፎቶው ሲበላሽበት ጥፋቱ የራሱ ይሁን የካሜራው መለየት አይችልም። ፎቶው ከልክ በላይ ነጣ፤ አንቺ ነሽ ወይስ ሹተሩ ዘግይቷል? ብርሃን ገባበት፤ ፊልሙን አወጣጥሽ ነው ወይስ የሹተሩ መጋረጃ ተቀዷል? መልሱን ሳታገኚ ሦስት ፊልም ያልቅና ተስፋ ትቆርጫለሽ። ስለዚህ የመጀመሪያው ካሜራሽ በትክክል እንደሚሠራ የተረጋገጠ መሆን አለበት። ለኔ ከስሙም፣ ከመልኩም፣ ከአገሩም ይህ ይበልጣል። ዜኒቱን አትጣዪው፤ ግን በእሱ አትጀምሪ።

የምመክርሽ ይህንን ነው። ሙሉ በሙሉ መካኒካል የሆነ፣ የፔንታክስ ኬ ሌንስ (ኬ የሌንሱ መግጠሚያ ዓይነት ነው) የሚቀበል ካሜራ ከ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር አስመጪ። የዚህ ወገን ታዋቂው ፔንታክስ ኬ1000 ነው። ከ1976 እስከ 1997 ድረስ ተሠርቷል፤ ከ3 ሚሊዮን በላይ ወጥቷል። በየአገሩ የፎቶ ተማሪ ሁሉ የጀመረበት ካሜራ ነው ማለት ይቻላል። ግን ዝናው ዋጋውን ስላወጣው አሁን ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር በላይ ይጠየቅበታል። ስለዚህ ለአክስትሽ መጀመሪያ የምትሰጫት ስም ሪኮ ኬአር-5 ይሁን። ያንኑ የፔንታክስ ሌንስ ይቀበላል፣ ሹተሩ ያለ ባትሪ ይሠራል፣ የብርሃን መለኪያም አለው። ስሙን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ስለሆነ ደህናው ከ90 ዶላር በታች ይገኛል። የሁለቱም ባትሪ ለብርሃን መለኪያው ብቻ ነው፤ ያችው ትንሿ ኤልአር44 ናት፤ ሰዓት ጠጋኝ ዘንድ ትገኛለች። ባትሪው ገጠር ቢያልቅብሽም ማንሳት አታቆሚም። ኬ1000 ካገኘሽ አንድ ነገር አትርሺ፤ መለኪያው ማጥፊያ የለውም። ሌንሱን ካልከደንሽው ሌሊቱን ሙሉ ባትሪ ይበላል።

ኬን የመረጥኩበት ሌላም ምክንያት አለኝ። የአጎትሽ ሌንስ መግጠሚያው በጥርስ የሚጠመዘዝ፣ ስፋቱ 42 ሚሊ ሜትር ነው፤ በትንሽ ቀጭን ቀለበት ፔንታክሱም ሪኮውም ላይ ይገባል። ሄሊዮስ 58 ሚሊ ሜትር ለሰው ፊት ግሩም ሌንስ ነው። ከበስተጀርባ ቅጠልና ብርሃን ሲኖር የሚሰጠውን ሽክርክሪት የመሰለ ብዥታ ዛሬም ሰዎች ፈልገው ይገዙታል። ስለዚህ ሁለተኛው ሌንስሽ ቤተሰብሽ ውስጥ አለ ማለት ነው። አጎትሽን አስፈቅደሽ ውሰጂው።

ቤት ውስጥ የካኖን ዲጂታል ካሜራ ካለ ብቻ ሌላ መንገድ አለ። የ1990ዎቹ የካኖን ኢኦኤስ የፊልም ካሜራዎች የኢኤፍ ሌንስ ይቀበላሉ፤ ባዶ ቦዲያቸውም በጣም ርካሽ ነው። ግን ከዲጂታሉ ጋር የሚመጣው ባለ 18–55 ሌንስ ኢኤፍ-ኤስ የሚባለው፣ ለዲጂታል የተሠራው ዓይነት ስለሆነ አይገባባቸውም። የብዙዎቹ ባትሪም እዚህ እንደ ልብ አይገኝም። ላንቺ አልመክረውም።

ስትገዙ አንቺም አክስትሽም ረጋ በሉ። ሻጩ «አልተሞከረም» ወይም «እንዳለ» ብሎ ከጻፈ የተበላሸ ነው ብላችሁ እለፉ። በፊልም የተሞከረ መሆኑን የሚጽፍና ካልሠራ የሚመልስ ሻጭ ፈልጉ፤ 15 ዶላር ቢያስጨምርም ይሻላል። ካሜራው አክስትሽ እጅ ከጉዞዋ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድሞ ይግባ፤ አለዚያ መመለሻ ጊዜ አይኖርም። ሲደርሳት በቪዲዮ ደውዪላት። ያለ ፊልም የጀርባውን ክዳን ትክፈት። ፍጥነቱን ከላይ ጀምራ እየቀነሰች በእያንዳንዱ ትጫን፤ እየዘገየ ሲሄድ በጆሮሽ መስማት አለብሽ። ዘገምተኛዎቹ ላይ መሃል ቆሞ የሚቀር ከሆነ ይመለስ። ሌንሱን በስልክ መብራት ትየው፤ ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ ይመለስ። ባትሪ ቤቱ ውስጥ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ካለ ይመለስ። የጀርባው ክዳን ዳር ያለው ጥቁር ስፖንጅ ቀልጦ ጣት ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ግን አትደንግጪ። ሁሉም አሮጌ ካሜራ ላይ ያለ ነገር ነው። እሱን ጠራርጎ በቦይው ውስጥ ጥቁር የሱፍ ክር መለጠፍ ይበቃል።

ፊልሙን በተመለከተ አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። ያልታጠበ ፊልም በፍጹም ወደ ጭነት በሚገባ ሻንጣ ውስጥ አይደረግም። የዚያ መፈተሻ ጨረር ፊልሙን ያበላሸዋል። የእጅ ሻንጣ የሚፈትሹት አዳዲሶቹ ሲቲ የሚባሉ ማሽኖችም ያበላሻሉ። አክስትሽ ፊልሞቹን ከካርቶናቸው አውጥታ በሚያሳይ ላስቲክ ትያዝና በየመፈተሻው በእጅ እንዲታዩላት ትጠይቅ። ካሜራው ባዶውን ይምጣ። ፈሳሽ የማጠቢያ ኬሚካል ደግሞ በሻንጣ አታስመጪ።

ቀለም ወይስ ጥቁርና ነጭ? ያንቺን ልብ የሚስበው ቀለሙ እንደሆነ እገምታለሁ። እኔ ግን የመጀመሪያዎቹን አምስት ፊልሞች ጥቁርና ነጭ አድርጊ እላለሁ። ኬንትሜር 400 ርካሽ ነው፤ ኢልፎርድ ኤችፒ5 ትንሽ ይወደዳል፤ ሁለቱም የጀማሪን ስህተት ይታገሳሉ። ምክንያቴ እጥበቱ ነው። የቀለም ፊልም በ38 ዲግሪ ገደማ፣ ሙቀቱ ሳይዛነፍ መታጠብ አለበት። ጥቁርና ነጭ ግን በ20 ዲግሪ ይታጠባል። የአዲስ አበባ ቤት ውስጥ ውሃ በአብዛኛው ወቅት ለዚያ ቅርብ ስለሆነ ማሞቂያ ሳያስፈልግሽ ኩሽና ውስጥ መሥራት ትችያለሽ። አንድ ማጠቢያ ታንክ፣ ገላጭ ኬሚካልና ማጽኛ ኬሚካል ነው የሚያስፈልግሽ። ኤችፒ5 ባልተበረዘ ዲ-76 በሚባለው ገላጭ ውስጥ በ20 ዲግሪ 7 ደቂቃ ተኩል ይበቃዋል። ኬሚካሉን እስክታገኚ ድረስ ፎቶ ቤት ማሳጠብ ይቻላል። ግን ፊልሙን ከመስጠትሽ በፊት ሁለት ነገር ጠይቂ፦ እዚሁ ነው የምታጥቡት ወይስ ትልካላችሁ? ባለፈው ሳምንት ስንት ፊልም አጠባችሁ? ሥራ የሌለው ቤት ኬሚካሉ ያረጃል፤ የሚበላሸው ያንቺ ፊልም ነው። ኔጋቲቭሽንም፣ የታጠበውን ፊልም ማለቴ ነው፣ መልሰሽ ተቀበዪ። ስካን ብቻ ይዘሽ እንዳትወጪ።

ብርሃን ልክክ ላይ ስልክሽ ያላስተማረሽ ነገር አለ። ጠራራ ፀሐይ ላይ አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) ኤፍ 16 አድርጊ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ የሹተሩን ፍጥነት ከፊልሙ ቁጥር ጋር አስጠጊ። ለ400 ፊልም 1/500 ማለት ነው። ስስ ደመና ካለ ኤፍ 11፣ ደመናው ከከበደ ኤፍ 8፣ የክረምት ጨለማ ሰማይ ከሆነ ኤፍ 5.6። ጥላ ውስጥ ኤፍ 4። ይህን በቃልሽ ያዢው፤ መለኪያው የሞተ ካሜራ እንኳ በዚህ ይሠራል። መለኪያው ራሱ ደግሞ ይሳሳታል። ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ያደርገዋል። እናትሽ ነጭ ነጠላ ለብሰው ቢቆሙ መለኪያው ነጩን አይቶ ብርሃን ይቀንሳል፤ ፊታቸው ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ነጠላውን ተዪና ወደ ፊታቸው ተጠጊ። ማያው ፊታቸውን ብቻ ሲይዝ ለኪ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሰሽ ያንኑ ቁጥር ሳትነኪ አንሺ። የኛ ፊት ጠይም ስለሆነ መለኪያው ትንሽ ብርሃን ይጨምራል፤ ኔጋቲቭ ፊልም ግን ብርሃን ሲበዛበት ይችላል። የማይችለው ሲያንሰው ነው። ከተጠራጠርሽ ሁልጊዜ ወደ መጨመሩ አዘንብዪ።

ፊልም አገባብ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል፤ እኔም አንድ ጥምቀት ጃን ሜዳ ውዬ ያነሳሁት በሙሉ ጠፍቶብኛል። ፊልሙ የሚጠቀለልበት ዘንግ ላይ አልያዘም ነበር። ቆጣሪው ይቆጥራል፣ ሹተሩ ይጮኻል፣ ፊልሙ ግን ቦታው ላይ ተቀምጧል። መከላከያው ቀላል ነው። ጫፉን አስገቢና ጀርባው ክፍት እንዳለ አንድ ጊዜ አስኪጂ፤ የፊልሙ ቀዳዳዎች ከላይም ከታችም ጥርሶቹን መያዛቸውን እዪ። ክደኚው። በግራ በኩል ያለችውን መመለሻ እጀታ በቀስታ አዙረሽ ፊልሙን አጥብቂ። ከዚያ ፊልም ባስኬድሽ ቁጥር ያቺ እጀታ አብራ መዞር አለባት። ካልዞረች አልያዘም። ቆጣሪው 36 አልፎ 39 እና 40 ካለም አልያዘም። ፊልሙ ሲያልቅና ማስኬጃው እምቢ ሲል በጉልበት አትግፊው፤ ይበጠሳል። ከታች ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጫኚና ፊልሙን ወደ ቤቱ ጠቅልይ፤ ጀርባውን መክፈት ከዚያ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ፊልም ታጥቦ ሲመጣ ስካኑን ሳታዪ ኔጋቲቩን ወደ መስኮት ዘርግተሽ ተመልከቺ። መጀመሪያ ዳሩን እዪ፤ የፊልሙ ስምና ቁጥሮች በፋብሪካ ታትመውበታል። ዳሩም መሃሉም ባዶ ከሆነ እጥበቱ ተበላሽቷል ማለት ነው። የዳሩ ጽሑፍ ጥርት ብሎ ወጥቶ መሃሉ ባዶ ከሆነ ፊልሙ አልሄደም ወይም ሹተሩ አልከፈተም። ምስሎቹ ኖረው ሁሉም ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ከሆኑ ብርሃን አሳንሰሻል፤ በሚቀጥለው ፊልም አንድ ደረጃ (ለምሳሌ ከኤፍ 8 ወደ ኤፍ 5.6) ጨምሪ። ከዳር የሚነሳ ጥቁር ሰረዝ በየፎቶው ላይ አንድ ቦታ ካየሽ ብርሃን የገባው በክዳኑ ስፖንጅ በኩል ነው፤ የሱፍ ክሩን ያን ጊዜ ለጥፊ።